የዕድሩ ኮምፒውተር ሲጮህ

መጀመሪያ የሰማሁት በሩ ገና ተቆልፎ ሳለ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ የዋለው መብራት ድንገት መጣ። በየጎረቤቱ ቴሌቪዥኑ ተንጫጫ፤ አንድ ወፍጮ ቤት ማጓራት ጀመረ። ከዚያ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከተዘጋው የቆርቆሮ በር ጀርባ፣ አንድ ነገር ጮኸ። ቀጭንና ረጅም ጩኸት ነው። አረፍ አለና ደገመ። ሦስተኛውን ጮኸና ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ከአንድ ጀመረ።

ሊከፍቱልን ከእኔና ከዕድሩ ሰብሳቢ ፊት የቆሙት ዘበኛ ቁልፉ ከእጃቸው ወደቀ።

«ራም ነው» አልኩ እየሳቅኩ። አብሮኝ የሳቀ የለም።

የመጣሁት ለሥራ ነው። እናቴ አባል የሆነችበት የኮልፌ ዕድር የአባላቱን ስም ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር ካዛወረ ቆይቷል። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አንድ ላይ የሚቀብርበት ዕድር ነው፤ ማን አለ፣ ማን ሞተ፣ ማን እነማንን አስመዘገበ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ስላለ ዝርዝሩ ታትሞ መቅረብ ነበረበት። ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያሳይም። ሰብሳቢው እናቴን አማከሯት፣ እናቴ ደግሞ እኔን አቀረበችኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ስምንት ወር ሠርቻለሁ። የወጣሁት ባለቤቱ ካቻቢቴ ከሚያቀብለኝ ይልቅ ሻይ እንዳመጣ ቢልከኝ ስለሚቀናው ነው። እንደዚያ ያለ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ቤትም መቀመጥ አልችልም። ስለዚህ እሺ አልኩ።

«ምን ማለት ነው እሱ?» አሉ ሰብሳቢው።

«የሚያስታውስበት ነው ጋሼ። ሲላላ ወይም ሲቆሽሽ ይጮኻል።»

«ከባድ ነው?»

«የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።» አፌ እንዲህ ነው።

ዘበኛው ቁልፉን ከመሬት አንስተው ለሰብሳቢው ሰጧቸው እንጂ አልከፈቱም። «እኔ ቤት ደርሼ ልምጣ» አሉ።

«ተረኛ አይደሉ እንዴ?»

«ሰምተዋል እኮ ጌታዬ።»

«ሰማሁ። የሰማሁት ኮምፒውተር ነው፤ መልአከ ሞት አይደለም።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ወደ ታክሲው መንገድ ሮጡ። እርምጃ አልነበረም፣ ሩጫ ነው። ጫማቸው ከእግራቸው እየወጣ በጣታቸው ይይዙታል።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩ።

ሰብሳቢው በሩን በትከሻቸው እየገፉ ነገሩኝ። ዘበኛው ይሄ ኮምፒውተር በጮኸ ቁጥር ሰው ይሞታል ብለው ያምናሉ። ሚስታቸው ደግሞ ቀራንዮ በተከራዩት ቤት አልጋ ከያዘች ቆይታለች። በጮኸ ቁጥር «እሷ ትሆን?» እያሉ በሩን ጥለው ይሮጣሉ። ደርሰው፣ እጇን ይዘው፣ መተንፈሷን አይተው ይመለሳሉ። የሚፈሩት መሞቷን ብቻ አይደለም፤ ብቻዋን እንዳትሞት ነው።

«ሌላ ቢሆን አሰናብተነው ነበር» አሉ ሰብሳቢው። «ግን ስንት ዘመን የዕድሩን ጡሩምባ የነፉልን ሰው ናቸው። ጡሩምባው ቀርቶ በስልክ መጠራራት ሲመጣ ዘበኛ አደረግናቸው። እንግዲህ የሰለጠነ ጡሩምባ መጣባቸው።» በራሳቸው ቀልድ ሳቁ።

ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም። አንድ አምፖል ብቻ አለ። ድንኳኑ ተጠቅልሎ እንደተኛ ከብት ጥግ ይዟል፤ ብረቶቹ አጠገቡ ቆመዋል፤ አግዳሚዎቹ እስከ ጣሪያ ተደራርበዋል፤ ትላልቅ ብረት ድስቶች በአፋቸው ተደፍተዋል። ግድግዳው ላይ ቃሬዛው ተደግፏል። ከቃሬዛው ፊት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ አለ፤ ነጭ ዳንቴል ለብሷል።

ሰብሳቢው ስልክ ተደውሎላቸው ወጡ። ጩኸቱ አላቆመም። በዚያ ክፍል ውስጥ ድምፁ ከሳጥኑ የሚወጣ አይመስልም። ድስቶቹ ይቀበሉታል፤ አንዴ ከኋላዬ፣ አንዴ ከድንኳኑ እጥፋት ውስጥ ይመጣል። ዳንቴሉን ስገፍፈው ጥቁሩ ስክሪን ውስጥ ፊቴን አየሁ፣ ከትከሻዬ በላይ ቃሬዛውን። ዞር ብዬ አየሁት። ቃሬዛ ነው። ለምን እንደዞርኩ እኔም አላውቅም።

ሥራዬን ያዝኩ። እንዲህ ያለው ብልሽት ከውጭ ወደ ውስጥ እየተባለ ነው የሚፈተሸው። የሞኒተሩ መብራት ብርቱካናማ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ስለዚህ ሞኒተሩ ደህና ነው፤ የሚያሳየው ነገር ነው ያጣው። ኬብሉን ነቅዬ ከቤት ባመጣሁት ቀየርኩት፤ ያው ነው። ፋኑ ይዞራል፣ ስለዚህ ኃይል ይደርሰዋል። የቀረው ውስጡ ነው። ሶኬቱን ነቀልኩ። ጩኸቱ መሀል ላይ ተቆረጠ፤ ጆሮዬ ግን ሦስተኛውን መጠበቁን አልተወም።

ክዳኑን ፈታሁ። አቧራው እንደ ሱፍ ተጋግሯል። የድንኳኑ ብረት ሲወጣ ሲገባ ጠረጴዛውን ስለሚገጨው አንደኛው ራም በአንድ ጎኑ ብድግ ብሏል። ያልኩት ነው። ሁለቱንም አውጥቼ ጥርሶቻቸውን በላጲስ አሸሁ፤ ቀጭ እስኪል ድረስ ቦታቸው መለስኳቸው። ስሰካው አንዲት አጭር ድምፅ ብቻ አሰማና ስክሪኑ በራ።

ሰብሳቢውን ጠራኋቸው። ዝርዝሩን ከፍተው የራሳቸውን ስም ፈለጉ፤ አገኙት፤ ደስ አላቸው። «አለሁ» አሉ።

«ይሄ ግን ሰው ሳይነካው ለምንድነው የሚነሳው?»

«ስለማታጠፉት ነዋ ጋሼ። ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን የጠፋ እየመሰላችሁ ትታችሁት ትሄዳላችሁ። እሱ በርቷል። መብራት ሲሄድ ይሄዳል፣ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል።»

የማተሚያው ቀለም አልቆ ስለነበር ለነገ ተቀጣጠርን። በር ላይ ዘበኛው እየተመለሱ ነው፤ ፊታቸው ላብ ብቻ።

«እንዴት ናቸው?» አልኳቸው።

«አለች። አጥሚት ቀመሰች።» ወደ ዕቃ ቤቱ አገጫቸውን ቀሰሩ። «ዝም አሰኘሽው?»

«አሰኘሁት።»

«አናጢው ሲሞት በዋዜማው ጮኸ። ከሰል የምትሸጠዋም ስትሞት ጮኸ። የሰብሳቢው እህት ስትሞት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲጮህ ነው የዋለው። እኔ ነኝ የሰማሁት፤ ሌላ ሰው አልሰማም።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ ዕድር ነው። የዕድር ሥራው መቅበር ነው። በጮኸም ባልጮኸም ሰው ይሞታል።»

አዩኝና «ልጅ ነሽ» አሉኝ። በስድብ መልክ አልነበረም።

በማግስቱ ቀለም ይዤ ስመጣ ከበሩ ሳልደርስ ሰማሁት። ሦስቴ። ዕረፍት። ሦስቴ።

ዘበኛው የሉም፤ ሮጠዋል። በሩ ገርበብ ብሏል። እዚያው ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፣ አልገባም ብዬ አሰብኩ። በገዛ እጄ አጽድቼ፣ በገዛ እጄ ተጭኜ፣ በራ ብዬ የሄድኩት ነገር ነው። ከዚያ በራሴ ተናደድኩና ገባሁ፤ ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ክዳኑን ፈታሁ፣ ጣቴን ራሙ ላይ አሳረፍኩ።

ጣቴ ረጠበ።

ወሩ ጥር ነው። ከመስከረም ወዲህ ዝናብ የሚባል ጠብ አላለም። ጣሪያውን አየሁ፤ ደረቅ ቆርቆሮ ነው፣ የሸረሪት ድሩ እንኳ አልተነካም። ወለሉ ደረቅ። ድስቶቹ ደረቅ። ውሃው ሳጥኑ ውስጥ ብቻ ነው፤ እንደ ላብ ነጠብጣብ ሠርቷል። እናቴ እዚህ ብትሆን «በጌታ በኢየሱስ ስም» ብላ ክፍሉን ትገሥፀው ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ብትኖርልኝ አልጠላም ነበር።

ዳንቴሉን ይዤ ወደ አምፖሉ ቀረብኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የምይዘው ነገር ፈልጌ ይሆናል። ጨርቁ ላይ ክብ ክብ እድፍ አለ። የአንድ ቀን አይደለም፤ አንዱ ክብ በሌላው ላይ ደርቆ ጫፉ ነጥቷል። ተመልሼ የራሙን ማስቀመጫ በስልኬ መብራት አየሁት። ትናንት ከአቧራው ሥር ያላየሁት አረንጓዴ ዝገት ሥር ሰዷል። ሰው ነው። ከላይ፣ በአየር መውጫው፣ ደጋግሞ ውሃ ያንጠባጥብበታል። ወጥቼ ሳይ ዘበኛው ከሚቀመጡበት ድንጋይ አጠገብ ቢጫ ጀሪካን አለ፤ አንገቱ ላይ ትንሽ የጣሳ ኩባያ ተደፍቷል።

እስኪመለሱ ጠበቅኩ። መጡና ሳልጠይቃቸው «አለች» አሉኝ።

«አባባ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ውሃ የሚያፈሰው ማነው?»

«ውሃ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ጸበል ነው» አሉ፣ እንዴት ይሄ ይጠፋሻል በሚል ዓይን። «ለእሷ የማመጣላትን ነው ያካፈልኩት። ጠዋት ለእሷ፣ ማታ ለእሱ። ትናንት ዝም ስታሰኚው እንደዚያው ዝም እንዳለ እንዲቀር ብዬ ትንሽ ረጨሁት።»

«በጮኸ ቁጥር ይረጩት ነበር?»

«በጮኸ ቁጥር። ምን ላድርግ ልጄ? በጡሩምባው ጊዜ ሰው ሞተ ሲባል ነው የምነፋው። ይሄ ግን ሳይሞት ነው የሚነፋው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። የእኔ ነገር ግን ሰው ሲሳሳት ካላረምኩት ያሳክከኛል። የፈራሁበትም ንዴት ነበረብኝ።

«ራሙን እያረጠቡት እኮ ነው! መጀመሪያ የጮኸው ላልቶ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በሙሉ እርስዎ ነዎት ያስጮኹት!»

ፊታቸው ቀስ ብሎ ተለወጠ። ዱላቸውን ተደግፈው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ?» አሉ።

«አዎ፣ ማለቴ...»

«አናጢውንም?»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ የተናገርኩት ስለ ጩኸቱ ነው። እሳቸው ግን ከጩኸቱ ሞትን ነጥለው አያውቁም። ለአንድ ሽማግሌ፣ በገዛ እጅዎ፣ በገዛ ጸበልዎ ጎረቤትዎን ለሞት ሲጠሩ ኖሩ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። «ከሰል የምትሸጠዋንም?» አሉ። «እሷማ ሁሌ ሰላም ትለኝ ነበር።»

«አይደለም አባባ! እነሱ ታመው ነው የሞቱት። ኮምፒውተር ምን አገባው?»

አይሰሙኝም። እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን ያያሉ።

በአፍ እንደማይሆን ሲገባኝ ተነሳሁ። ከፋርማሲ አልኮል ገዛሁ፤ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አመጣሁ። ሳጥኑን ግቢ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አስጣሁት። ዝገቱን ፈተግኩ፣ ራሞቹን አሸሁ፣ ዝገት ወዳልነካቸው ማስቀመጫዎች አዛወርኳቸው። ከሰዓት በኋላ መልሼ ገጠምኩና ዘበኛውን ጠራኋቸው። ከደፉ አላልፍ አሉ፤ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

«ሶኬቱን እርስዎ ይንቀሉት» አልኳቸው። «አሁን ይሰኩት።»

ሰኩት። አጭር ድምፅ፤ ስክሪኑ በራ። እንደገና አስነቀልኳቸው፣ አስሰካኋቸው። እንደገና። አንዴም አልጮኸም።

«ከእንግዲህ አይጮህም?»

«አይጮህም። ብቻ ጸበሉን ለእሳቸው ብቻ ያድርጉት።»

«ዝም ካለ... እሷ ደህና ናት ማለት ነው?»

በዚህ አላምንም። ነገር ግን እነዚያን መዳፎች አይቻለሁ፤ የሰበርኩትን መጠገን ፈለግኩ። «አዎ አባባ፣ ዝም ካለ ሰላም ነው» አልኩ።

ዓርብ ቀን ዝርዝሩን እያረምኩ ነበር። ዘበኛው መጥተው ከአግዳሚዎቹ አንዱን አውርደው አጠገቤ ተቀመጡ። ያን ክፍል እንዲህ ደፍረው ሲቀመጡበት የመጀመሪያቸው ነው። ከምሳ በፊት መብራት ሄደ። ጨለማው ውስጥ በተከፈተው በር በምትገባው ብርሃን ተያይተን ተጨዋወትን። ጡሩምባ ሲነፋ መጀመሪያ ወደየት ዞሮ እንደሚነፋ፣ ውሻው ሁሉ እንዴት እንደሚያለቅስ፣ ሰዎች ድምፁን ሲሰሙ ከቤታቸው ወጥተው «ማነው?» ከማለታቸው በፊት በዓይናቸው የየራሳቸውን ሰው እንዴት እንደሚቆጥሩ ነገሩኝ። «እኔም እቆጥር ነበር» አሉ። «እየነፋሁ።»

ከዚያ መብራት መጣ።

ዘበኛው ከነዱላቸው ብድግ አሉ። ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ፋኑ ዞረ፤ ሁለታችንም ጠበቅን። አጭር ድምፅ። ስክሪኑ በራ። ሌላ ምንም የለም።

«ዝም አለ» አሉ።

«ዝም አለ።»

በሩን አዩ፤ እኔን አዩ። «ልሂድ ወይስ ልቀመጥ?»

«ይቀመጡ አባባ፤ ዝም ብሏል እኮ።»

ተቀመጡ። ዱላቸውን አግዳሚው ላይ አጋደሙት። ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ብዙም አልቆየ፣ ሰብሳቢው በር ላይ ቆሙ። ስልካቸው እጃቸው ውስጥ ነው። አልገቡም። ዘበኛውን አዩ፣ ከዚያ ወደ መሬት አዩ። የዘበኛው ስልክ ቻርጅ አልቆበት ኖሮ ጎረቤቶቻቸው የደወሉት ለሰብሳቢው ነው።

«ይነሱ፣ አብረን እንሂድ» አሉ ሰብሳቢው። እንደዚያ ለስልሰው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«መቼ?» አሉ ዘበኛው። ማን ብለው አልጠየቁም።

«መብራት ሲመጣ ግድም ነው አሉ።»

«ማን ነበር አጠገቧ?»

ሰብሳቢው ገብተው ዱላቸውን ከአግዳሚው ላይ አንስተው አቀበሏቸው።

ሽማግሌው ዞረው ኮምፒውተሩን አዩት። ስክሪኑ ላይ ዝርዝሩ እንደተከፈተ ነው፤ መስመሩ ብልጭ ድርግም ይላል። «ግን እኮ ዝም ብሏል» አሉት። የተናገሩት ለእኔ አልነበረም፤ ለእሱ ነው።

የዚያኑ ዕለት ወጣቶቹ ድንኳኑን ሊወስዱ መጡ። ብረቶቹ ሲወጡ ጠረጴዛውን እንዳይገጩት ሳጥኑን በሁለት እጄ አቅፌ ያዝኩት፤ ሰው ሁሉ እየተጋፋኝ አለፈ። ስሟን ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው ያዛወርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ መጫን ነው፤ ከዚያ በላይ ሥራ የለውም። እሑድ ዝርዝሩ ተነበበ። ሰዉ አጨበጨበልኝ፤ ዕድሩም እዚያው በጸሐፊነት እንድቀጥል ጠየቀኝ። እሺ አልኩ። እኔ፣ የትም ቁጭ ማለት የማልችለው።

ዘበኛው ከሐዘን ሲመለሱ ጥቁር ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ነበር። ለብዙ ቀን አላናገሩኝም፤ አልተቆጡኝም። አንድ ቀን ከደፉ ላይ ቆመው «እንደ ድሮው ልታደርጊው ትችያለሽ?» አሉኝ።

«ምን?»

«እንዲጮህ።»

«አባባ፣ ማስጮህማ ቀላል ነው። ግን እኮ የሚጮኸው...» ማስረዳቱን ተውኩት። «አሁን ለማን ብለው ነው?»

«ለሌላው ሰው። ሲጮህ የሚሮጥ ሰው አይጠፋም።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «በጮኸ ጊዜ ሁሉ ደርሼባታለሁ እኮ። አንድም ቀን አላመለጠችኝም» አሉ።

ራሙን አላላላሁትም። ብልሽት ነው፤ ብልሽት ይጠገናል። ነገር ግን እዚያ ክፍል ተቀምጬ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር፣ ፋኑ ሲዞርና ያቺ አጭር ድምፅ ስትሰማ፣ ጆሮዬ ከኋላዋ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። ምንም አይመጣም። ድስቶቹ ዝም፣ ቃሬዛው ዝም። ስልኬን አወጣለሁ።

«ሃሎ?» ትላለች እናቴ። «አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። መብራት መጣ ወይ እዚያ?»

«መጣ እኮ፣ አሁን መጣ። ለዚህ ነው በየቀኑ የምትደውዪው?»

«ለዚህ ነው» እላታለሁ። ወዲያው አልዘጋም፤ ትንሽ እስክትነጫነጭብኝ እጠብቃለሁ።